የጠራው ሐይቅ ዓሣ

«እኔ ስመጣ እኮ ይሄ ሐይቅ የምስር ሾርባ ነበር!»

ባለመጥበሻዋ ገና ፊቷን ሳትታጠብ የሰማችው የዕለቱ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ጋሼ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ በጎናቸው ጋደም ብለው በስልክ ያወራሉ። ስልክ ሲያወሩ መሣሪያውን አያምኑትም፤ ሰውየው ያለበት ከተማ ድረስ በራሳቸው ጉሮሮ ለመድረስ ይሞክራሉ። «እጅህን ብትነክር ጣትህ አይታይህም ነበር። አሁን ማንኪያ ብትጥልበት፣ ማንኪያው ላይ የተጻፈውን ታነባለህ። ታዲያ ያጠራው ማን ሆነና? እግረ እርጥብ ነው የሚሉኝ፣ ከተማው በሙሉ! ዛሬ ሹሙ መጥተው በሰው ፊት ሊያመሰግኑኝ ነው።» እሷ ባልዲዋን ይዛ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመች። መታጠቢያ ቤት ለመሄድ በሳሎን ማለፍ ግድ ነው፤ በሳሎን ለማለፍ ደግሞ ከሶፋው ጫፍ ተርፎ አየር ላይ የተንጠለጠለውን የጋሼን እግር መሻገር ግድ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ተሻግራዋለች፣ እርጥብ ሆኖ ያየችበት ቀን ግን ትዝ አይላትም። ዛሬም ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተሻገረችና ውሃዋን ልትቀዳ ገባች።

ጋሼ የመጡት ለሁለት ሳምንት ነበር። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል፤ በሦስተኛው ዓመት ምን እንደሚሆን ግን ተረቱን ያወጡት ሰዎችም አላሰቡበትም። የመጡት በጭነት መኪና ሲሆን፣ መኪናው ላይ ከሌላ ሐይቅ የተነሣች፣ ቀይ ጣሪያ ያላት የመዝናኛ ጀልባ ተጭና ነበር። ጀልባዋን ለሙሽሮች፣ ፎቶ ለሚነሡና አዲስ ፍቅር ለያዛቸው ያከራዩአታል። ሶፋው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሆኖ ቴሌቪዥን ሊያይበት የተገዛ ነበር፤ አሁን መካከሉ ሰርጉዶ የጋሼን ወገብ ቅርጽ ስለያዘ፣ እሳቸው ሲወጡም ያሉ ይመስላል። ባልና ሚስቱ ቴሌቪዥን የሚያዩት ከወጥ ቤት በሚያመጡት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነው፣ እሱንም ጋሼ የመረጡትን ጣቢያ። ክፉ ሰው ቢሆኑ አንድ ቀን ተጣልታ ይወጣላት ነበር። ችግሩ ግን ክፉ አይደሉም። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ» ይሏታል፤ የጠበሰችውን ያመሰግናሉ፤ ባሏንም አባታቸው በሞቱ ጊዜ ከትምህርታቸው ቀርተው፣ ሸክም ተሸክመው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ውለታ ያለበት ሰው የሶፋ ጥያቄ አያነሣም።

ስለ ሐይቁ የሚያወሩትም ውሸት አይደለም። እውነትም ጠርቷል። እሳቸው ከመጡ ወዲህ አረንጓዴው ውሃ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዶ፣ አሁን ከዳር ሆኖ ላየው የታችኛው ድንጋይ ይቆጠራል። ሻይ ቤቶቹ ወንበራቸውን ወደ ውሃው አዙረው በዋጋቸው ላይ ጨምረዋል፤ ፎቶ አንሺዎቹም በረከቱን አፍሰውታል። ደስታው ያልደረሰው መረበኛው ባሏ ብቻ ነበር። ሐይቁ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የሚኖር፣ መዳፍ የሚያህል፣ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ የሚውል ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል አለ፤ ዓሣ አጥማጆች ቅርጹን አይተው «ጆሮ» ይሉታል። አሁን በእሱ ላይ ሌላ መጥቶበታል። ይሄኛው ትንሽ ነው፣ ሸንተረር ያለበት፣ በቀጫጭን ክሮቹ የነካውን ሁሉ ሙጭጭ ብሎ የሚይዝ፤ ስሙንም «ጥፍር» አሉት። ጥፍር ድንጋይ ላይ ይለጠፋል፣ መልሕቅ ላይ ይለጠፋል፣ መረብ ላይ ይለጠፋል፤ አብልጦ የሚወደው ግን ጆሮ ላይ መለጠፍ ነው። በአንዱ ላይ ብዙ ሆነው ይሰፍሩበትና አፉን እንዳይከፍት ያፍኑታል፣ ቢከፍትም ወደሱ የሚመጣውን ምግብ ከደጅ ይጨርሱበታል። ባለመጥበሻዋ ይህን ከባሏ የሰማች ቀን ስለ ቤቷ አንድ ሐሳብ መጣባት። አፍራ ልታባርረው ሞከረች፣ ሐሳቡ ግን ተለጥፎ ቀረ።

የዛሬው ጉዳይ እንዲህ ነው። የከተማው መዝናኛ ቢሮ ኃላፊ ምሳ ሰዓት ላይ መጥተው በሐይቁ ዳርቻ ላይ ይወስናሉ። የጋሼ ሐሳብ ሌሎች የመዝናኛ ጀልባዎች ከየሐይቁ ይምጡ፣ ማቆሚያ ይሠራላቸው፣ ከማቆሚያው ጎንም ለሥራ አስኪያጁ፣ ማለትም ለራሳቸው ለጋሼ፣ ሁለት ክፍል ቤት ይሠራ የሚል ነው። ቦታው የት ነው ቢባል፣ ባሏ መረቡን የሚያሰጣበት፣ እሷም የቆርቆሮ ዳስ ጥላ ዓሣ የምትጠብስበት ነው። ለእነሱ «ሌላ ቦታ ይፈለግላቸዋል» ተብሏል፤ በዚያ ቢሮ ሌላ ቦታ የተፈለገለት ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ እየተፈለገለት ነው። ከኃላፊው ጋር ደግሞ አንዲት የዓሣ ባለሙያ ትመጣለች። ከጎማ ጫማዋ ስለማትለይ የዳርቻው ሰው «ቦቲ» ይላታል። ስለ ጥፍር ስታጠናና ስትጽፍ ቆይታለች፣ ቢሮውም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏት ቆይቷል። ዛሬ ኃላፊው ካመኗት አዲስ ጀልባ አይመጣም፣ ያሉትም ጥፍሩ እንዲሞት ወጥተው ይደርቃሉ፣ ዓሣ የሚራባበት ጥግም ይጸዳል። ባለመጥበሻዋ ፊቷን እየታጠበች ነገሩን አገላበጠችው። ጋሼ ከረቱ ሶፋው ነፃ ይወጣል፣ ዳሱ ይሄዳል። ቦቲ ከረታች ዳሱ ይተርፋል፣ ጋሼም ይተርፋሉ። እሷ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዳሱ ቀርቶ ጋሼ እንዲሄዱ ነበር የምትፈልገው።

ባሏ በጓሮ በር ገባ። ሌሊቱን ሐይቅ ላይ አድሮ ነበር። ባልዲውን እግሯ ሥር አስቀመጠና ካፖርቱን ማውለቅ ጀመረ። ጎንበስ ብላ አየች። ባልዲው እስከ አፉ ጥፍር ነው፤ ከላዩ ላይ አንዲት የጣት ርዝመት ያላት ቆሮሶ ዓሣ እንደ ጌጥ ተጋድማለች።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ጋሼ እኮ ለሹሙ የሐይቁን ዓሣ አበላዎታለሁ ብለዋል። ስምንት ሰው ነው የሚመጣው።»

«አውቃለሁ።»

«ሂድና ዓሣ የለም በላቸዋ!»

ወደ ሳሎኑ አየ። ከዚያ የጋሼ ድምፅ አሁንም ማንኪያው ላይ የተጻፈውን ያነባል። «ዛሬ የክብራቸው ቀን ነው» አለ ባሏ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ነኝ የማዋርዳቸው?» ዝም አይነቅዝም የሚባለውን ተረት የዚህን ሰው ያህል ያመነበት የለም፤ ዝምታውን ጎተራ ሙሉ አስቀምጦታል፣ እውነትም አልነቀዘም። እሷም ብትሆን እንግዳ ጠርቶ ባዶ ማዕድ ማቅረብ እንዴት እንደሚያሳፍር አታጣውም። ስሙ የሚነሣው የጋሼ ብቻ አይደለም፣ የቤቱ ነው። ገመና የሚሸፈነው ደግሞ በዝምታ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ገበያ መውጣት ይፈልጋል። ነጠላ ጫማዋን ለውጣ ወጣች።

የበረዶ ዓሣ የሚሸጠው ልጅ ውጭ ፀሐዩ አናት እየበሳ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ነበር። ከትልቁ ማቀዝቀዣ አንድ ካርቶን አወጣና ጠረጴዛው ላይ ሲጥለው እንደ ድንጋይ ጮኸ። ካርቶኑ ላይ ማዕበል የሚሰነጥቅ መርከብ ተሥሏል።

«ከየት ነው የመጣው?»

«ከውቅያኖስ ነው፣ እትዬ። እዚያው መርከቡ ላይ ነው የሚቀዘቅዘው።»

«ራሱስ የታለ?»

«ራሱን ውቅያኖሱ ውስጥ ነው የሚተዉት መሰለኝ። ጣጣ የለውም፣ አጥንትም የለው።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፊቷን አያት። «እርስዎ ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚጠብሱት አይደሉም እንዴ?»

«እህቷ ነኝ» አለች። ዋጋውን ሳትከራከር ከፈለች፣ ይህም በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር። ካርቶኑን በሻርፕ ጠቅልላ ታክሲ ውስጥ ጭኗ ላይ ስታስቀምጠው በሙቀቱ መቅለጥ ጀመረና ውሃው አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ጫማ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ሴትዮዋ ጥቅሉን በርኅራኄ አዩትና «ሸናብሽ እኮ ልጁ» አሏት። «ለምዶበት ነው» አለችና ጥቅሉን እሹሩሩ ትለው ጀመር። ሴትዮዋ ስንት ወሩ እንደሆነ ሲጠይቋት ግን ቀድማ ወረደች።

ዳሱ ስትደርስ ዓሣውን በሞቀ ውሃ አለያየችው፣ ቆራረጠችው፣ ራስ የሌለው መሆኑ እንዳይታወቅ በዱቄት ከዳር እስከ ዳር አለበሰችው። ካርቶኑን ከከሰል ጆንያው ጀርባ ደበቀች፣ ባሏ ያመጣውን የጥፍር ባልዲም እዚያው አስጠጋችው። ባሏ ጠረጴዛዎቹን ሲገጣጥም አንድ ጊዜ መጥቶ መጥበሻውን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። «ሆድ ይፍጀው» አለና ወንበር ሊያመጣ ሄደ። እሷም ዘይቱ ሲንጫጫ እየሰማች፣ የሚፈጀው የማን ሆድ ይሆን እያለች ዓሣውን ገለበጠችው።

እንግዶቹ ሲመጡ ጋሼ እሷ በተኮሰችላቸው ሙሉ ልብስ ተነሥተው ተቀበሏቸው። ኃላፊው ቀጭን፣ ጥንቁቅ ሰው ናቸው፤ ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን በመሐረብ ጠረጉ። ጋሼ ጊዜ አላጠፉም። ከሐይቁ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድተው ወደ ፀሐይ ከፍ አደረጉትና «እስቲ ይፍረዱ! ብርጭቆው ውስጥ ውሃ አለ ወይስ የለም?» አሉ። ተጨበጨበ። ኃላፊው ራሳቸው ፈገግ አሉ። ከዚያ ቦቲ ተነሣች። አንድ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ውስጡ ከላይ እስከ ታች ጥፍር የወረሰው የሞተ ጆሮ አለ።

«ክቡር ኃላፊ፣ ውሃው የጠራው ስለጸዳ አይደለም» አለች። «ውስጡ የሚበላ ነገር ስላለቀ ነው። ያ አረንጓዴ ነገር ቆሻሻ አልነበረም፣ የዓሣ ጫጩቶች ቀለብ ነበር። ጥፍር ሲያጣራ ውሎ ሲያጣራ ያድራል፣ ለሌላው አያስተርፍም። ነባሩ ዛጎል ደግሞ ልጆቹን የሚያሳድገው ዓሣ በሚተነፍስበት በስንጥቡ ላይ አሳፍሮ ነው፤ ዓሣው ሲሄድ እሱም ይሄዳል። ጥፍር ግን የማንንም ውለታ አይፈልግም። ዘሩን ውሃው ውስጥ ይበትናል፣ የወደቀበት ይበቅላል። አሁን ሐይቁ ውስጥ ለመረብ የሚሆን ዓሣ…»

ዓሣው የቀረበው ይኼኔ ነው። ባለመጥበሻዋ ትኩሱን ሳህን ከኃላፊው ፊት ስታስቀምጥ ሽታው ጠረጴዛውን ከበበው፣ የቦቲንም ቃል አቋረጠው። ኃላፊው አንዱን አነሡ፣ ገመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለተኛውን አነሡ።

«ዓሣ የለም ነው የምትይን?» አሏት ቦቲን። «ታዲያ ይሄ ምንድነው? ዶሮ ነው?»

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። «እንዲያውም» አሉ ኃላፊው ሦስተኛውን እያነሡ፣ «ውሃው ከጠራ ወዲህ የዓሣውም ጣዕም ጠርቷል። አጥንቱ እንኳ ቀንሷል!» ቦቲ አንድ ቁራጭ አነሣችና ዱቄቱን በጥፍሯ ላጥ አድርጋ አገላብጣ አየችው። አፏን ከፈተች። ጋሼ ግን ቀድመዋት ሳህኗ ላይ ሌላ ጨመሩላትና «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ የኔ ልጅ። ዝም ብለሽ ብዪ» አሏት፣ በፍቅር ነው ያሏት። ቦቲ አፏን መልሳ ዘጋች። ራስ የለው፣ ጅራት የለው፣ ምኑን ይዛ ትከራከር? ስትደክምበት የኖረችው ሥራ በአንድ ሳህን ጥብስ ሲረታ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ጠርሙሷን ወደ ራሷ ሳበችና ተቀመጠች። ኃላፊው እጃቸውን ጠርገው ከደረት ኪሳቸው ብዕር አወጡ። ረዳታቸው የጋሼን ወረቀት ዘረጋላቸው።

ባለመጥበሻዋ ባዶ ትሪ ይዛ ቆማለች። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ካረፈ የዛሬ ሳምንት ሶፋው የእሷ ነው። በቀኝ በኩል እሷ፣ በግራ በኩል ባሏ፣ መሐላቸው የኦቾሎኒ ሳህን፤ እስከዚህ ድረስ ታያት። ባሏን አየችው። ዳቦውን እየቆራረሰ ያልበላውን ይደረድራል፣ ጆሮ ግንዱ ቀልቷል። ልጅ ሆኖ የተማረው ሥራ መረብ መጣል ብቻ ነው፤ ሌላ አያውቅም። ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን የሚያይ ባል ደግሞ ሌላ ጋሼ ነው የሚሆነው። ይህ ሐሳብ ሲመጣባት ትሪውን አስቀምጣ ከከሰሉ ጆንያ ጀርባ ገባች።

ካርቶኑን ሳህኖቹ መሐል አኖረችው። ርሷል፣ ማዕዘኑ ተበጥሷል፣ መርከቡ ግን ማዕበሉን መሰንጠቁን አላቆመም። ባልዲውን ከጎኑ አስቀመጠች።

«ክቡርነትዎ፣ የበሉት እዚህ የተያዘውን ነው» አለች፣ ጣቷን መርከቡ ላይ አድርጋ። «የሐይቁን ካሉ ደግሞ ይኸውልዎት። ባሌ ሌሊቱን አድሮ ያወጣው ይሄንን ባልዲ ነው። እንግዳ ጠርተን ባዶ እንዳንሆን ብለን ነው፣ ገመናችንን ልንሸፍን። ልጅቷ እውነቷን ነው። ዋሽቼ ያበላሁት እኔ ነኝ።»

አንድም ሰው አላኘከም። ጋሼ ብርጭቆውን እንደያዙ ቀስ ብለው ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ቤታችንን በሰው ፊት…»

«ልክ ናት፣ ጋሼ።»

ሁሉም የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ ዞር ዞር አለ። መረበኛው ቆሟል፣ ዳቦውም እጁ ላይ ነው። ለጋሼ «ልክ አይደሉም» የሚል ቃል በሕይወቱ አልወጣውም፤ አሁንም አልወጣውም፣ የቻለው ይህን ብቻ ነው። «በዚህ ዳርቻ ደንብ አለ» አለ ወደ ኃላፊው ዞሮ። «ከሌላ ውሃ የመጣች ጀልባ ተገልብጣ ትተኛለች። ውስጧ ሸረሪት እስኪያደራ ድረስ ውሃ አትነካም። የጋሼ ጀልባ የመጣች ቀን ሆዷ ሥር ጥፍር ነበረባት፣ አይቼዋለሁ። ትድረቅ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው ፀሐይ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፣ እንግፋት አሉ። እኔም አብሬ ገፋኋት።»

ጋሼ ብርጭቆውን አዩት። ውሃው እንዳለ ነው፣ ጥርት ብሎ። ከዚያ ታናሽ ወንድማቸውን አዩት፤ ተቆጥተው እንኳ አልነበረም። ሰው ሁሉ የሚሉትን ሲጠብቅ ብርጭቆውን አስቀመጡና ሳህናቸውን በጣታቸው ገፋ አደረጉት።

«እኔም እኮ» አሉ በዝግታ፣ «ጨው የበዛበት መስሎኝ ነበር።»

የመጀመሪያዋ የሳቀችው ቦቲ ነበረች፣ ከነእንባዋ። ኃላፊው ካርቶኑን አንሥተው ግራ ቀኙን በጭንቀት ፈተሹ። «ጊዜው አላለፈበትም?» ሲሉ፣ ባለመጥበሻዋ «ገና ነው፣ አይቼዋለሁ» አለቻቸው። ተነፈሱ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ለረዳታቸው መለሱና ቦቲን ከጎናቸው ወንበር ሰጧት። ተወስኖ ሲያበቃ አዲስ ጀልባ አይመጣም፣ ያሉት ወጥተው ወር ሙሉ ይደርቃሉ፣ ማቆሚያውም ከጎኑ የሚሠራውም ቤት ቀርቷል። ኃላፊው ሲሄዱ ባለመጥበሻዋን ጨብጠው ጥብሱ ግን ጥሩ እንደነበር በሹክሹክታ ነገሯት።

ሳህኖቹን እያጠበች ሳለ ጋሼ ከኋላዋ መጡ። ኮታቸውን አውልቀዋል፣ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበዋል። ወጥ ቤት ይሁን ዳስ፣ እሷ ከምትሠራበት ቦታ ገብተው አያውቁም ነበርና የት እንደሚቆሙ ጠፍቷቸው ምሰሶውን ይዘው ቆሙ። ከታች ዳርቻው ላይ ባሏ የጀልባዋን ገመድ ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ብቻውን ይስባታል፣ ጀልባዋም ከነጥፍሯ ከብዳ እንቢ ብላዋለች።

«ወር ነው ያሉት?» አሉ ጋሼ።

«ወር ነው።»

«ቤቱም ቀረ ማለት ነዋ።»

«ቀረ፣ ጋሼ።»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከአፋቸው ይቅርታ የሚል ቃል ሊወጣ የፈለገ መሰላት፤ ግን ቤተሰቡ በሙሉ እንዲህ ያለውን ቃል ባለማውጣት አንድ ነው። «እንግዲህ» አሉ ዓይናቸውን ከእሷ አሽሽተው፣ «እናንተው ጋ ነኛ።»

እሷ ሳቅም ለቅሶም እኩል መጣባት። እጇን በሽርጧ አደረቀችና፣ ዓሣ ከጠፋ ጀምሮ ሥራ ፈትቶ የተሰቀለውን የቅርፊት መፋቂያ ቢላ ከሚስማሩ ላይ አወረደች። ወደ ጀልባዋ በአገጯ እያመለከተች ቢላውን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

«እንግዲያው እንኳን ደህና መጡ፣ ጋሼ» አለች።